የስኳር ታካሚ ዓይን፣ ካሜራውና ፎቶውን የሚያነበው ሶፍትዌር፦ ድሬዳዋ ላይ ሥራው እንዴት ይሄዳል

የስኳር ሕመም ዓይንን ማጥቃት ሲጀምር አያምም፤ እይታንም አያደበዝዝም። ዓይን ውስጥ በስተኋላ ባለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ሬቲና ላይ ያሉት ቀጫጭን የደም ስሮች ግድግዳቸው እየሳሳ ትንንሽ እብጠት ያወጣሉ፣ ደምና ቅባት ያንጠባጥባሉ፣ ቆይተውም ይዘጋሉ። ደም ያጣው ሬቲና አዳዲስ ስሮች እንዲበቅሉ ያደርጋል። እነዚህ ደግሞ ደካማ ስለሆኑ በቀላሉ ይበጠሱና ዓይን ውስጥ ይደማሉ። ይህ ሁሉ እየሆነ ታካሚው የእይታ ሰሌዳውን እስከ መጨረሻው መስመር አንብቦ ሊወጣ ይችላል። ለዚህ ነው ዓይነት 2 ስኳር ያለበት ሰው ሕመሙ እንደታወቀ ወዲያው፣ ከዚያም በየዓመቱ ሬቲናው መታየት ያለበት። ዓይነት 1 ከሆነ ሕመሙ ከታወቀ 5 ዓመት ሲሞላው ይጀመራል። ስኳር እያለባት ያረገዘች እናት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ መታየት አለባት፤ በእርግዝና ጊዜ ጉዳቱ ይፈጥናል።

ድሬዳዋ ላይ ድል ጮራና ሳቢያን፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋናና ጁገል ሆስፒታሎች፣ በየሰፈሩም ጤና ጣቢያው አለ። ክትትል ላይ ያለውን የስኳር ታካሚ ሁሉ በየዓመቱ የዓይን ስፔሻሊስት ይየው ቢባል የሞራ ግርዶሽ ቀዶ ጥገናውን የሚሠራው ሰው አይተርፍም። ከሚታዩት ውስጥ አብዛኞቹ ለዚያ ዓመት ሕክምና የማያስፈልጋቸው ናቸው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት እውነተኛ ሥራ ያለው እዚህ ልየታ ላይ ነው፦ ነርሷ ፎቶ ታነሳለች፣ ሶፍትዌሩ ያነባል፣ ስፔሻሊስቱ ጋ የሚሄደው መሄድ ያለበት ብቻ ይሆናል።

መጠኑን ግን ከመጀመሪያው ማወቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የዓይን ጥናት ከ100 ኢትዮጵያውያን 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር መሆናቸውን አሳይቷል። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ የሞራ ግርዶሽ ያመጣው ሲሆን 11.5 በመቶው ደግሞ ትራኮማ ያስከተለው የኮርኒያ (ብርሃን የሚያሳልፈው የዓይን የፊት ሽፋን) ጠባሳ ነበር። ሞራን ለማወቅ የእጅ ባትሪና የሠለጠነ ዓይን ይበቃል፤ መፍትሔው ቀዶ ጥገና ነው። የተገለበጠ ሽፋሽፍትም እንዲሁ። ስለዚህ ያለችው ገንዘብ አንድ ነገር ብቻ የምትገዛ ከሆነ የቀዶ ጥገና ዕቃ ይቅደም፤ በዚህ አንደራደርም። ቀዶ ጥገናው እየሄደ ከሆነና የስኳር ክትትሉም በወጉ የተደራጀ ከሆነ ግን ካሜራውን ማስገባት ተገቢ ነው።

ሶፍትዌሩ የሚማረው ሐኪሞች ደረጃ ከሰጧቸው ፎቶዎች ነው። የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ሥራ 128,175 የሬቲና ፎቶዎችን ተጠቅመዋል፤ 54 የዓይን ሐኪሞች እያንዳንዱን ፎቶ ከ3 እስከ 7 ጊዜ አይተውታል። ይህን ያህል መደጋገም ያስፈለገው ሐኪሞች ራሳቸው በአንድ ፎቶ ላይ ስለማይስማሙ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሐኪም ሳያየው ራሱ ውጤት የሚሰጠውን አይዲኤክስ-ዲአር የተባለ ሶፍትዌር ፈቀደ። ለፈቃዱ በተደረገው ጥናት 900 የስኳር ታካሚዎች በ10 መደበኛ ክሊኒኮች ተመዝግበዋል። ፎቶ ያነሱት ሠራተኞች የዓይን ባለሙያዎች ሳይሆኑ የ4 ሰዓት ሥልጠና የተሰጣቸው ነበሩ። ሶፍትዌሩ ሪፈር ሊባሉ (ወደ ዓይን ሐኪም ሊላኩ) ከሚገባቸው 87.2 በመቶውን አግኝቷል፤ ጤነኞቹንም 90.7 በመቶውን በትክክል ጤነኛ ብሏል።

በአፍሪካ ዓይን ላይ ይሠራል ወይ? የሬቲና ቀለም ከሰው ሰው ስለሚለይ ጥያቄው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሲንጋፖር ላይ የተማረ ሶፍትዌር በዛምቢያ ኮፐርቤልት 1,574 ሰዎች ላይ ተፈትኖ ሪፈር ሊባሉ ከሚገባቸው 92 በመቶ ያህሉን አግኝቷል። ይህ ተስፋ ይሰጣል። ለምሥራቅ ኢትዮጵያ ግን የራሳችን ፎቶዎች ላይ የተደረገ ፍተሻ ሳይኖር ሥራ ላይ መዋል የለበትም። ጥቂት መቶ ታካሚዎችን ፎቶ አንስቶ፣ የማሽኑን ውጤት ሳያዩ ሁለት የዓይን ሐኪሞች ለየብቻ እንዲያነቡ ማድረግ፣ ከዚያ ማነጻጸር በቂ መነሻ ነው።

ፎቶ ወደሚነሳበት ክፍል እንግባ፤ ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው እዚያ ነው።

ታይላንድ ውስጥ የጉግልን ሶፍትዌር በ11 ክሊኒኮች ሲሞክሩ ከ1,838 ፎቶዎች 21 በመቶውን ሶፍትዌሩ «ጥራት የለውም» ብሎ መልሷቸዋል። ዋናው ምክንያት ክፍሉ ጨለማ አለመሆኑ ነበር። የድሬዳዋ ፀሐይ በመጋረጃ ቀዳዳ ብቻ እንኳ ብሌንን (ብርሃን የሚገባበትን የዓይን ቀዳዳ) ያጠብባል። መደበኛው የሬቲና ካሜራ 4 ሚሊ ሜትር ያህል የተከፈተ ብሌን ይፈልጋል፤ ከውጭ ብርሃን የገባ ሰው ብሌን ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ መስኮት የሌለው ክፍል ይመረጥ፤ ከሌለ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ሁለት እጥፍ ይሸፈን፣ የበሩ ሥርም እንዲሁ። ክፍሉ ሲዘጋ ይሞቃል፤ ድሬዳዋ ላይ ቬንትሌተር የግድ ነው። ነፋሱ ግን ታካሚው ፊት ላይ አይዙር፤ ዓይን ሲደርቅ ፎቶው ይደበዝዛል።

የሥራው ቅደም ተከተል ከስኳር ክትትሉ ጋር ቢጣጣም ሁሉም ይቀላል። ታካሚው ሳይበላ መጥቶ ደሙን ይሰጣል። ከዚያ እይታው በ6 ሜትር ሰሌዳ ይለካል፤ ፊደል ለማያነብ አቅጣጫ የሚጠቁመው ሰሌዳ አለ። ይህ ብሌን ከሚከፍተው ጠብታ በፊት መሆን አለበት፤ ከጠብታ በኋላ የሚለካ እይታ ዋጋ የለውም። ቀጥሎ ከጆሮ ወገን በአግድም የእጅ ባትሪ ይበራል። ባለ ቀለሙን የዓይን ክፍል በአፍንጫ በኩል ጥላ ከዋጠው የዓይኑ የፊት ክፍል ጠባብ ስለሆነ ጠብታ አይደረግም፤ ታካሚው ወደ ዓይን ክፍል ይላካል። ጥላ ከሌለ ትሮፒካማይድ 1 በመቶ አንድ ጠብታ በየዓይኑ ይደረጋል። ጠቆር ያለ ዓይን ቀለሙ መድኃኒቱን ስለሚይዘው ቀስ ብሎ ነው የሚከፈት፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቆይቶ ሁለተኛ ጠብታ ብዙ ጊዜ ያስፈልጋል። ከዚያ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይጠበቃል። ታካሚው በዚህ ጊዜ ቁርሱን ይብላ፣ ሐኪሙንም ይይ። ስኳሩ ወርዶ ጨለማ ክፍል ውስጥ የሚወድቅ ሰው የሚገጥመው ይህ ቅደም ተከተል ሲዛባ ነው።

አንዳንዶች ሁሉንም ያለ ጠብታ ማንሳት ይመርጣሉ፤ ወረፋው ይፈጥናል ይላሉ። በወጣቶች ላይ እውነት ነው። ከ50 ዓመት በላይ በሆነና ስኳር በቆየበት ሰው ላይ ግን ብሌኑ ራሱ መጥበብ ይጀምራል፤ ያለ ጠብታ የተነሳው ፎቶ ተመልሶ ሲመጣ የተቆጠበው ጊዜ ሁሉ ይባክናል። መጀመሪያ ያለ ጠብታ ሞክሮ፣ ሶፍትዌሩ ጥራት የለውም ካለ መጨመር መካከለኛው መንገድ ነው። በረመዳን ጠብታ አልወስድም የሚል ታካሚም አለ፤ መከራከር አያስፈልግም። ያለ ጠብታ ይሞከር፤ ካልሆነ ከጾሙ በኋላ ቀን ይሰጠው።

ጠብታ የሚደረግለት ሰው በቀጠሮው ቀን ምን እንደሚገጥመው አስቀድሞ ይነገረው። የቅርብ እይታው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይደበዝዛል፣ ብርሃን ያስቸግረዋል። ባጃጅ የሚነዳ ከሆነ ያን ቀን አይነዳም። ጥላ ወይም ኮፍያ ይያዝ። ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ዓይኑ ከቀላ፣ ኃይለኛ ሕመም ካለው፣ ካቅለሸለሸውና መብራት ዙሪያ ቀለበት ካየ፣ ያ የዓይን ግፊት በድንገት መጨመሩን ያመለክታልና ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መምጣት አለበት። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ ሳይነገረው የሄደ ሰው ግን ዓይኑን ሊያጣ ይችላል።

ፎቶው በየዓይኑ ሁለት ነው፦ አንዱ ማኩላን (ጥርት ያለ እይታ የሚገኝበትን የሬቲና መሐል) መሐል ያደረገ፣ አንዱ የዓይን ነርቭ መውጫውን መሐል ያደረገ፣ ሁለቱም 45 ዲግሪ ስፋት ያላቸው። ሁልጊዜ ከቀኝ ዓይን መጀመር ይለመድ፤ ቀኝና ግራ ሲደባለቅ የሕክምናው ሌዘር የሚሄደው ወደ ተሳሳተው ዓይን ነው። አገጭና ግንባር ማስደገፊያው ላይ በደንብ ይቀመጡ። ሻሽ ወይም ሒጃብ ከግንባር ላይ ትንሽ ከፍ ካላለ ጭንቅላት ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ይህን የምትጠይቅ ሴት ሠራተኛ ብትሆን ይመረጣል። ትእዛዙ ታካሚው በሚሰማው ቋንቋ ይሁን። ድሬዳዋ ላይ ቢያንስ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ፣ ሐረር ላይ ሐረሪም ይጨመራል። «እማማ፣ መብራቷን ይዩ»፣ «አስ ኢላላ»፣ «ሀልካን ኤግ» ማለት ከ10 ደቂቃ ምልክትና ጩኸት ያድናል። ሁለቴ ዓይን ያስጨፍኑ፣ ከዚያ «ይክፈቱ» ብለው ወዲያው ያንሱ፤ እንባው ኮርኒያው ላይ ለስላሳ ሆኖ የሚቆየው ለጥቂት ሰከንድ ነው። ያለ ጠብታ ከሆነ ፍላሹ ሌላውንም ዓይን ያጠብበዋል፤ ሁለተኛውን ከማንሳት በፊት ጨለማ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቅ።

የተበላሸ ፎቶ ምክንያቱን ራሱ ይናገራል። ጠርዙ ላይ ነጭ ወይም ሰማያዊ ጨረቃ መሰል ነጸብራቅ ካለ ካሜራው ከዓይኑ ያለው ርቀት ልክ አይደለም፣ ወይም ብሌኑ ጠቧል። ከላይ ወይም ከታች ጥቁር ጥላ ካለ ሽፋሽፍት ነው፤ የዓይን ቆቡን በጣት ከፍ ማድረግ ነው፤ የዓይኑን ኳስ ግን አይጫኑ። ፎቶው ጭጋግ ከመሰለ ሌላውን ዓይን ይዩ፦ ሁለቱም ጭጋግ ከሆኑ ሌንሱን ይጥረጉ፤ አንዱ ብቻ ከሆነና እንደገና ተነስቶም ካልጠራ ሞራ ወይም ዓይን ውስጥ የፈሰሰ ደም ሊሆን ይችላል። ታካሚው ማስክ ካደረገ ትንፋሹ ሌንሱን ያጨልማል፤ የማስኩ አፍንጫ በፕላስተር ይለጠፍ። በጣም የሚያሳስበው ደግሞ በተከታታይ ታካሚዎች ፎቶ ላይ በአንድ ቦታ የሚታየው ነጥብ ነው። ያ ነጥብ ሌንስ ላይ ያረፈ አቧራ ነው፤ ሶፍትዌሩ ግን ደም ወይም የቅባት ጠብታ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። በአንድ ጠዋት ሪፈር የሚባለው ሰው በድንገት ከበዛ መጀመሪያ ሌንሱን ማየት ነው። ጽዳቱ መጀመሪያ በአየር መንፊያ፣ ካልለቀቀ ሌንስ ወረቀት ላይ ጠብ በተደረገ የሌንስ ማጽጃ፣ ከመሐል ወደ ዳር በክብ እያዞሩ። በጋውንና በደረቅ ጎዝ አይታሰብ፤ የድሬዳዋ አቧራ አሸዋማ ስለሆነ ሌንሱን ይቧጭረዋል። ሥራ ሲያልቅ ክዳኑ ወዲያው ይመለስ።

ውጤቱ ሦስት ዓይነት ነው፦ «ሪፈር»፣ «በ12 ወር ይመለስ»፣ እና «ፎቶው አይነበብም»። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ እንደ ደህና ይቆጠራል፤ ይህ አደገኛ ስሕተት ነው። ፎቶው የማይነበበው በአብዛኛው ሞራ ወይም ዓይን ውስጥ የፈሰሰ ደም ስላለ ነው፤ ሁለቱም ሐኪም ይፈልጋሉ። ጠብታ ተደርጎም ካልተነበበ ሪፈር ነው።

ቁጥሩን በምሳሌ እናስላው። 1,000 የስኳር ታካሚዎች ቢመጡና 100ዎቹ በእርግጥ ሪፈር የሚያስፈልጋቸው ናቸው እንበል። ሶፍትዌሩ በአሜሪካው ጥናት እንደነበረው ቢሠራ 87ቱን ያገኛል፣ 13ቱን ያልፋል። ከ900ው ጤነኞች ደግሞ 84 ያህሉን በስሕተት ሪፈር ይላል። ስለዚህ 171 ሰው ወደ ዓይን ክፍል ይላካል፤ ግማሽ ያህሉ ለሕክምና የማይፈለግ ነው። ለታካሚው «ዓይንህ ተበላሽቷል» ማለት ስለዚህ ስሕተት ነው፤ «ሐኪም በቅርበት ሊያይህ ይገባል» በቂ ነው። ስፔሻሊስቱም 171 ይቀበል ዘንድ ቀድሞ መስማማት አለበት፤ የማይነበቡትም ይጨመሩበታል። ይህ ቢሆንም 1,000 ሰው ከማየት ጋር ሲነጻጸር እፎይታው ትልቅ ነው።

ከማሽኑ ፊት ጨርሶ መቀመጥ የሌለባቸውም አሉ። እይታው በድንገት የቀነሰ፣ ጥቁር ነጥብ ወይም ብልጭታ የሚያይ፣ ከዚህ በፊት ሌዘር ወይም የዓይን መርፌ የወሰደ፣ በስኳር የተነሳ የሬቲና ጉዳት እንዳለበት የታወቀ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፦ እነዚህ በቀጥታ ሐኪም ጋ ናቸው። ሶፍትዌሩ የተማረው ለአንድ ሕመም ነው። ለስኳር ብቻ የተፈቀደ ከሆነ ግላኮማን (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ ሌላ ሕመም) አይቶ ዝም ይላል፤ የዓይን ግፊትም አይለካም።

አሁን የሥራው ክብደት ወዳለበት እንምጣ። ሩዋንዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ ጥናት የማሽኑን ውጤት እዚያው ወዲያው ከተነገራቸው ታካሚዎች 51.5 በመቶው ወደ ተላኩበት ሄደዋል፤ ውጤቱ ቆይቶ ከተነገራቸው ደግሞ 39.6 በመቶው። ወዲያው መንገሩ ረድቷል። ያም ሆኖ ግማሽ ያህሉ አልሄዱም። በሌዘር ሊድን የሚችል ዓይን የሚጠፋው በዚህች ክፍተት ውስጥ ነው። በጊዜው የተሰጠ ሌዘር አዳዲስ ስሮች በበቀሉበት ዓይን ላይ ከባድ የእይታ መጥፋት የሚደርስበትን ዕድል በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይታወቃል። ስለዚህ ካሜራው ከመገዛቱ በፊት ሌዘሩ የት እንደሚሰጥ፣ በሳምንት በየትኛው ቀን፣ ስንት ሰው እንደሚቀበል፣ ዋጋው ስንት እንደሆነና የጤና መድኅን ይሸፍነው እንደሆነ በጽሑፍ ይታወቅ። ሌዘሩ ሐረር ከሆነ ከድሬዳዋ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጠብታ ተደርጎለት ብቻውን የማይመለስ ሰው አጃቢ ይፈልጋል፣ የሁለት ሰው ትራንስፖርት ይከፍላል። ከገጠር ለመጣ ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

መዝገቡ ላይ የታካሚው ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ የራሱና የአንድ ዘመዱ ስልክ፣ የትኛው ዓይን፣ ውጤቱ፣ የቀጠሮው ቀን፣ በመጨረሻም «ደርሷል ወይስ አልደረሰም» የሚል ዓምድ ይኑር። ቀጠሮው ታካሚው ከክፍሉ ሳይወጣ ይያዝ። በሳምንት አንድ ቀን አንዲት ነርስ ያልደረሱትን ትደውል። ለዚህ ሥራ ሰዓት ካልተመደበላት ካሜራው ባዶ ፎቶ ማጠራቀሚያ ይሆናል፤ ይህን በጥብቅ እናምናለን።

ስለ መብራትና ኢንተርኔት በአጭሩ፦ ያለ ኢንተርኔት እዚያው መሣሪያው ላይ የሚያነብ ሶፍትዌር ይመረጥ፤ ሕንድ ውስጥ ሙምባይ ላይ በስልክ ላይ የሚሠራ እንዲህ ዓይነት ሥርዓት ተፈትኖ ጥሩ ውጤት አሳይቷል። ለካሜራው ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚይዝ ባትሪ) ያስፈልጋል፤ በእጅ የሚያዘው ካሜራ በባትሪ ስለሚሠራ ከመብራት መቆራረጥ ይገላግላል፣ ግን እጅ ሲንቀጠቀጥ ፎቶው ይበላሻል።

ከሻጩ ጋር ሲነጋገሩ ሶፍትዌሩ የተፈተነው በየትኛው ካሜራ እንደሆነ ይጠየቅ፤ በሌላ ካሜራ ሲሠራ ትክክለኛነቱ ሊወርድ ይችላል። በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገቡ፣ ፈቃዱ ሲያልቅ ፎቶዎቹ የማን እንደሚሆኑ፣ ክፍያው በታካሚ ነው ወይስ በዓመት፣ ሲበላሽ ጠጋኙ ከየት እንደሚመጣ በውሉ ይግባ። የሬቲና ፎቶ የሰውየው የግል የጤና መረጃ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ይመለከተዋል። ፎቶው ወደ ውጭ አገር ሰርቨር የሚሄድ ከሆነ ታካሚው አውቆ ይፍቀድ፤ በፍላሽና በቴሌግራም ማዘዋወሩም ይቁም።

ሥራው ከተጀመረ በኋላ በየወሩ 20 ያህል ፎቶዎች፣ ማሽኑ ደህና ያላቸውን ጨምሮ፣ ተመርጠው ለዓይን ሐኪሙ ይላኩ፤ የማሽኑ ውጤት ይደበቅ። ደህና የተባለ ታካሚ ስለ እይታው ከተናገረ የሚታመነው ታካሚው ነው፤ በዚያው ቀን ሪፈር ይጻፍለት። በመጀመሪያው ፍተሻ ሐኪሞቹ የተስማሙባቸው 50 ፎቶዎች በተለየ ማኅደር ይቀመጡ። ሶፍትዌሩ በታደሰ ቁጥር ያንኑ 50 ያንብብ። ከበፊቱ የተለየ መልስ ከሰጠ፣ ሻጩ ምክንያቱን እስኪያስረዳ ድረስ ንባቡ ቆሞ ፎቶዎቹ በሐኪም ይነበቡ።